ከመመዝገብዎ በፊት የሚጻፉ ሁለት ደብዳቤዎች

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ የመንግሥት ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በካታሎግና በውሰት ክፍል የምሠራ ሴት ነኝ። የመጀመሪያ ዲግሪዬ በኢንፎርሜሽን ሳይንስ ነው። ሥራዬን ሳልለቅ በኦንላይን በቤተ መጻሕፍት ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ መማር እፈልጋለሁ። ዓላማዬ የደረጃ ዕድገት አግኝቼ ወደ ዲጂታል ክፍል መዛወር ነው፤ ከአገር የመውጣት ሐሳብ የለኝም። ለመመረቂያ ጽሑፌ የጣና ገዳማትን የብራና መጻሕፍት ዲጂታል ማድረግ አስቤያለሁ። ካናዳ የሚኖር ወንድሜ 6,000 ዶላር ሊረዳኝ ቃል ገብቷል። ሦስት አማራጮች አሉኝ፦ በአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር እውቅና ያለው የአሜሪካ ፕሮግራም፣ አንድ የብሪታንያ የርቀት ፕሮግራም፣ እና በቴሌግራም የተዋወቀ፣ በ10 ወር የሚያልቅ፣ የዩኔስኮ እውቅና አለው የተባለ። ሦስቱም ኦንላይን ስለሆኑ ልዩነታቸው ዋጋ ብቻ ይመስለኛል። የትኛውን ልምረጥ? ኦንላይን መሆኑስ ዲግሪው ላይ ይጻፋል?»

ምላሽ፦ ልዩነታቸው ዋጋ ብቻ አይደለም። ሦስቱን ዲግሪዎች አይቶ የሚቀበለው አካል የተለያየ ነው፤ ሦስተኛውን የሚቀበል ደግሞ የለም። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር። ዩኔስኮ ለዩኒቨርሲቲም ሆነ ለዲግሪ እውቅና አይሰጥም። ዓለም አቀፉ የዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ከዩኔስኮ ጋር በመተባበር የሚያዘጋጀው የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት መዝገብ አለ፤ ተቋማቱ በየአገራቸው ስለታወቁ መዝገቡ ውስጥ ይገባሉ እንጂ መዝገቡ ውስጥ ስለገቡ አይታወቁም። ኢፍላ በሚል ምሕጻር የሚጠራው ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽንም ያው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ለሙያው ትምህርት መመሪያ አውጥቷል፣ ለትምህርት ቤቶች ግን ማኅተም አያድልም። ማስታወቂያው የመምህራኑን ስም ካልያዘ፣ ክፍያው ወደ ግለሰብ ሒሳብ ከሆነ፣ የቀድሞ የትምህርት ማስረጃዎን ሳያዩ «ተቀብለንዎታል» ካሉ ሌላ ማጣራት አያስፈልግዎትም። በየመሥሪያ ቤቱ የትምህርት ማስረጃ እየተጣራ ባለበት በዚህ ወቅት እንዲህ ያለ ወረቀት ማቅረብ የደረጃ ዕድገት ማጣት ብቻ ሳይሆን አሁን ያለዎትን ሥራም ሊያሳጣዎት ይችላል። ይተዉት።

የአሜሪካው ፕሮግራም እውነተኛ ነው፤ ጥያቄው ለእርስዎ ይጠቅማል ወይ የሚለው ነው። የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር እውቅና የሚሰጠው ለዩኒቨርሲቲው ሳይሆን ለአንድ የተወሰነ የሁለተኛ ዲግሪ ፕሮግራም ነው፤ እሱንም በአሜሪካ፣ በካናዳና በፖርቶ ሪኮ ላሉት። አንድ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ እውቅናው ያለው ፕሮግራም እያለው፣ አጠገቡ ስሙ የሚመሳሰል ነገር ግን እውቅናው የሌለው ሌላ ዲግሪ ሊሰጥ ይችላል፤ ስለዚህ በማኅበሩ ዝርዝር ላይ የዩኒቨርሲቲውን ብቻ ሳይሆን የዲግሪውን ሙሉ ስም ይፈልጉ። እውቅናው የሚያስፈልገው በሰሜን አሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ለመቀጠር ነው፤ እዚያ አብዛኛው የባለሙያ ክፍት የሥራ ቦታ ይህን በግልጽ ይጠይቃል። ወደ ወንድምዎ ለመሄድ አስበው ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር፤ እዚያው ካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ይህ እውቅና ያለው የኦንላይን ፕሮግራም ስላለው ከእሱ ይጀምሩ እል ነበር። እርስዎ ግን የመውጣት ሐሳብ የለኝም ብለዋል። ባሕር ዳር ያለው የሰው ሀብት ክፍል የአሜሪካውን ማኅበር ማኅተም አይጠይቅዎትም።

ኦንላይን መሆኑ ጥራቱን ይቀንሳል ብለው ከሰጉ ግን ስጋቱን ያስወግዱ። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ይህን ትምህርት በኢንተርኔት መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ የሳን ሆዜ ስቴት ዩኒቨርሲቲም ፕሮግራሙን ሙሉ በሙሉ በኦንላይን ይሰጣል፤ ሁለቱም በሙያው የተከበሩ ናቸው። የሚያሳስበኝ ገንዘቡ ነው። የአሜሪካ ፕሮግራሞች አብዛኛውን ጊዜ 36 ወይም ከዚያ በላይ ክሬዲት ይጠይቃሉ፤ ጠቅላላ ክፍያውም በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሰላል። የወንድምዎ 6,000 ዶላር የመጀመሪያውን ምዕራፍ እንኳን አጥግቦ ላይሸፍን ይችላል። «ቀሪውን ከደመወዜ እጨምራለሁ» እንዳይሉ ደግሞ፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻግሯል። በግማሽ የቆመ የአሜሪካ ሁለተኛ ዲግሪ ደግሞ በእጅዎ የሚያስቀረው የውጤት ወረቀት ብቻ ነው።

የብሪታንያው አሠራር በዚህ ይለያል። እዚያ ሁለተኛ ዲግሪ 180 ክሬዲት ነው፤ 60ውን ያጠናቀቀ የድኅረ ምረቃ ሰርተፍኬት፣ 120ውን ያጠናቀቀ የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ይዞ መውጣት ይችላል። ገንዘቡ ቢያልቅ ወይም ሕይወት ቢያስገድድ የደረሱበት ቦታ ስም አለው። ስኮትላንድ አበርዲን የሚገኘው ሮበርት ጎርደን ዩኒቨርሲቲና ዌልስ ያለው አበሪስትዊዝ ዩኒቨርሲቲ በርቀት የቤተ መጻሕፍትና የመረጃ ትምህርት በመስጠት የታወቁ ናቸው። የእርስዎ አማራጭ ከእነዚህ አንዱም ይሁን ሌላ፣ የብሪታንያ የቤተ መጻሕፍትና የመረጃ ባለሙያዎች ማኅበር ለፕሮግራሙ እውቅና መስጠቱን ያረጋግጡ። ይሁን እንጂ ሰርተፍኬቱና ዲፕሎማው ሁለተኛ ዲግሪ አይደሉም፤ የደረጃ ዕድገት የሚጠይቅ ሰው በእነሱ ላይ ተስፋ መጣል የለበትም።

ስለ ነጻ የትምህርት ዕድል አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ጊዜውን የሚያባክንበት ጉዳይ ነውና። የኮመንዌልዝ የርቀት ትምህርት ስኮላርሺፕ ኢትዮጵያን አይመለከትም፤ አገራችን የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም። ቺቭኒንግ የተባለው የብሪታንያ መንግሥት ስኮላርሺፕ ለኢትዮጵያውያን ክፍት ነው፤ ነገር ግን ብሪታንያ ሄደው በመደበኛነት ለሚማሩ እንጂ በርቀት ለሚማሩ አይከፍልም። ከሥራዎ ሳይለቁ በኦንላይን ለመማር ከወሰኑ ከኪስ የሚከፈል ትምህርት ነው ብለው ይነሡ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ከውጭ የሚመጣ ዲግሪ እዚህ አገር የሚሠራው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ሲሰጠው፣ ማለትም ከአገር ውስጥ ዲግሪ ጋር እኩል መሆኑን ሲያረጋግጥ ነው። የአሜሪካም ሆነ የብሪታንያ የሙያ ማኅበር እውቅና ይህን አይተካም። ኦንላይን መሆኑ ዲግሪው ላይ ይጻፋል ወይ ላሉት፣ ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች አይጽፉም። ጥያቄው ግን ከመነሻው የተሳሳተ አቅጣጫ ይዟል። ባይጻፍም ሁለት ዓመት ሙሉ ባሕር ዳር ሥራ ላይ እንደነበሩ የሥራ ማኅደርዎ ይናገራል፤ አቻ ግምት ሲጠይቁም የተማሩበትን መንገድ በትክክል መግለጽ አለብዎት። መሸፋፈን ሳይሆን አስቀድሞ በግልጽ ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መያዝ ነው የሚያዋጣው።

ከባለሥልጣኑ ቀጥሎ ዲግሪውን የሚመዝነው የራስዎ መሥሪያ ቤት ነው። የሚያልሙት የሥራ መደብ ተፈላጊ ችሎታ ምን ይላል? በአገራችን የሙያው ትምህርት በአብዛኛው የሚሰጠው «ኢንፎርሜሽን ሳይንስ» በሚል ስም ነው። መደቡ ይህን ስም ብቻ ጠቅሶ ከሆነ «የቤተ መጻሕፍትና የመረጃ ጥናት» የሚል የውጭ ዲግሪ ይዞ የሄደ ሰው ተዛማጅነቱን ለማስረዳት ወራት ሊፈጅበት ይችላል። በቅን ልቦና፣ በብዙ ድካም ተምረው በዚህ አንድ መስመር ምክንያት ዕድገታቸው የዘገየባቸው ሠራተኞች አውቃለሁ፤ በጣም ያሳዝናል፤ ከምዝገባ በፊት አንድ ገጽ ደብዳቤ ጽፎ መልሱን መያዝ ያስቀረው ነበር።

ባሕር ዳር ተቀምጦ በኦንላይን መማር ራሱ ምን እንደሚመስል ማሰብ ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ስለዚህ ፕሮግራሙን «ጥሩ ነው ወይ?» ብለው ሳይሆን እንዲህ ብለው ይጠይቁት፦ በሳምንት ስንት የቀጥታ ክፍለ ጊዜ አለ፣ መገኘትስ ግዴታ ነው? የክፍለ ጊዜውን ቅጂ ማውረድ ይቻላል ወይስ በመስመር ላይ ብቻ ነው የሚታየው? ፈተናው በካሜራ ክትትል ነው? አንድ ወር ቢቋረጥብኝ ትምህርቴን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ማቆየት እችላለሁ? በካሜራ የሚጠበቅ ፈተና ለሰዓታት የማይቆራረጥ መስመር ይፈልጋል፤ መብራት በሄደ ቁጥር ፈተናው ሊሰረዝ ይችላል። ሰዓቱንም ያስሉ። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል የማታ 12 ሰዓት የሚጀምር ክፍል እዚህ ከሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ነው፤ ካሊፎርኒያ ከሆነ ከሌሊቱ 10 ወይም 11 ሰዓት። የብሪታንያው ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ስለሚውል ከሥራ መልስ ይደረስበታል።

ወደ መመረቂያ ጽሑፍዎ ልምጣ። በጥያቄዎ ውስጥ በጣም ያስደሰተኝ ይህ ነው፤ ስለዚህም በግልጽ እናገራለሁ። እንዳሰቡት አይሆንም። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም፤ ከሐይቁ የብራና ሀብት ከፍተኛ ድርሻ ያላቸው ደግሞ እነሱ ናቸው። ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት መግባት ይችላሉ፤ መግባትና መጽሐፍ አውጥቶ ፎቶ ማንሳት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መጻሕፍቱ በዕቃ ቤት የሚጠበቁ የገዳሙ ንብረቶች ናቸው፤ ሲሰረቁና ወደ ውጭ ሲወጡ የኖሩ በመሆናቸው የመነኮሳቱ ጥንቃቄ ተገቢ ነው። ፈቃዱ ከማኅበረ መነኮሳቱም ከሀገረ ስብከቱም ሊያስፈልግ ይችላል፤ የአንድ ዓመት የመመረቂያ ጊዜ ለዚህ አይበቃም። እንዲያውም ብዙው ሥራ ቀድሞ ተጀምሯል። ምሁሩ ኧርንስት ሐመርሽሚት እ.ኤ.አ. በ1968 በጣና ደሴቶች የሚገኙ መጻሕፍትን በማይክሮፊልም አንስተዋል፤ ካታሎጉም ከ1973 ጀምሮ በጀርመንኛ በሦስት ጥራዝ ታትሟል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ደግሞ በኢትዮጵያ የብራና ጽሑፎች የማይክሮፊልም ፕሮጀክት በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት ተቀርጸው ቅጂዎቻቸው በአሜሪካ ሚኔሶታ በሚገኝ ገዳማዊ የብራና ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ብዙዎቹንም በነጻ ተመዝግቦ በኢንተርኔት ማየት ይቻላል።

የጎደለው መጻሕፍቱን ፈልጎ ማግኛው መንገድ ነው። የክብራንን መጻሕፍት ዝርዝር ማወቅ የሚፈልግ የባሕር ዳር ተማሪ መንገዱ በጀርመንኛ ነው የሚያልፈው። በአማርኛ የሚፈልግ ቢሆን እንኳ ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ይለያዩበታል፤ አንዱ «ፀሐይ» ብሎ ያስገባውን ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ቢፈልግ ያልተዘጋጀ ሶፍትዌር «የለም» ይለዋል። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የዓለም ፊደላትን ለኮምፒውተር በሚወክለው በዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ስለዚህ ችግሩ የፊደሉ አለመኖር ሳይሆን ፍለጋውን ያስተካከለ ባለሙያ ማነሱ ነው። የደራሲ ስምም እንዲሁ ነው፤ የእኛ ስም በራስ ስም ይጀምራል፣ በአባት ስም የሚያስገቡ ሥርዓቶች ግን የአንዱን ሰው መጻሕፍት በሁለት ቦታ ይበትኑታል። ከታተመው ካታሎግና በኢንተርኔት ከሚታዩት ምስሎች ተነሥተው ለጣና መጻሕፍት በአማርኛና በግእዝ የመግለጫ ሥርዓት ቢያዘጋጁ፣ በኮሃ (የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር) ወይም በዲስፔስ (የዲጂታል ማከማቻ ሶፍትዌር) ላይ ቢሞክሩት፣ ፍለጋውንም በተማሪዎችና በሊቃውንት ቢፈትሹት ጀልባ ሳይሳፈሩ የሚሠራና ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ጽሑፍ ይሆናል። ይህን ጽሑፍ የሚያማክርዎ ሰው ደግሞ ፊደሉን የሚያነብ መሆን አለበት። አበርዲን ወይም ካሊፎርኒያ ያለ አማካሪ ስለ ሜታዳታ (መጽሐፉን ስለሚገልጸው መረጃ) ብዙ ያስተምርዎታል፤ የሠሩት ፍለጋ ትክክለኛውን መጽሐፍ ማምጣት አለማምጣቱን ግን ሊፈርድ አይችልም።

ዲጂታል ክፍሉም ከዚህ አይርቅም። ከ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የከፍተኛ ትምህርት የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠሩ የምርምር ውጤቶች በተቋማት የዲጂታል ማከማቻ እንዲቀመጡ ይጠይቃል። ስለዚህ የትኛውንም ፕሮግራም ሲገመግሙ የኮርስ ዝርዝሩን አውጥተው ሜታዳታ፣ የዲጂታል ማከማቻ አስተዳደር፣ የዲጂታል ይዘት ዘላቂ ጥበቃና የመረጃ ሥርዓት የሚሉትን ይፈልጉ። እነዚህ የሌሉት፣ በአመራርና በታሪክ ኮርሶች ብቻ የተሞላ ፕሮግራም ወደሚፈልጉት ክፍል አይወስድዎትም።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው፦ ለአሁኑ ከሦስቱ አንዱንም አይምረጡ፤ ሁለተኛ ዲግሪዎን በአገር ውስጥ በኢንፎርሜሽን ሳይንስ ይማሩ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 በዩኔስኮና በካናዳ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ ለአፍሪካ ባለሙያዎች ተብሎ የተከፈተ ነው፤ ጅማና ጎንደር ዩኒቨርሲቲዎችም ትምህርት ክፍሉ አላቸው። ጎንደር ለእርስዎ ቅርብ ነው፤ መንገዱ ሁልጊዜ አስተማማኝ ስላልሆነ ግን በየሳምንቱ መመላለስን መነሻ አድርገው አያቅዱ፤ ማደሪያ ይዘው የሚቆዩበትን ያስቡ። ለማንኛቸውም አገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ይጠበቅብዎታል፤ ዝግጅቱን አሁኑኑ ይጀምሩ። «ሥራዬን ሳልለቅ» ያሉት ከደመወዝ መቋረጥ ስጋት ከሆነ፣ ብዙ የመንግሥት ተቋማት ተመልሶ ለማገልገል ውል ለሚገባ ሠራተኛ የትምህርት ፈቃድ ይሰጣሉ፤ ኮሌጅዎን ሳይጠይቁ አይሰጡኝም ብለው አይደምድሙ።

የወንድምዎ ገንዘብ በዚህ መንገድ የበለጠ ይሠራል። ባትሪው የሚቆይ ጥሩ ላፕቶፕ ይግዙበት፤ ቤትዎ መደበኛ የኢንተርኔት መስመር ያስገቡበት፤ ከተረፈም በሜታዳታ ወይም በዲጂታል ጥበቃ ላይ ከውጭ ዩኒቨርሲቲ አንድ ነጠላ ኮርስ ይውሰዱበት። ለንባብ የሚከፍሉት ብዙ የለም፤ ሪሰርች ፎር ላይፍ በተባለው ፕሮግራም የኢትዮጵያ ተቋማት በሺዎች የሚቆጠሩ መጽሔቶችን በነጻ ያገኛሉ፤ ኮሌጅዎ ካልተመዘገበ ያስመዘገቡት እርስዎ ይሁኑ።

ይህን ምክር የምለውጠው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው። ኮሌጅዎ የትምህርት ፈቃድ ከከለከለዎት፣ ለባለሥልጣኑና ለኮሌጅዎ ለሚጽፏቸው ሁለት ደብዳቤዎች የሚያገኙት መልስም በኦንላይን የተገኘ የብሪታንያ ዲግሪ ተቀባይነት እንዳለው ካረጋገጠ፣ የ180ውም ክሬዲት ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ከወንድምዎ ጋር ከተስማማችሁ የብሪታንያውን ይጀምሩ፤ መጀመሪያ ለ60ው ክሬዲት ብቻ ይክፈሉ፣ ክፍያውንም ወንድምዎ ከካናዳ በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሒሳብ ያስገባ፤ ወኪል በመካከል አይግባ።

ለባለሥልጣኑ በሚጽፉት ደብዳቤ የዩኒቨርሲቲውን ስም፣ የዲግሪውን ሙሉ ስም፣ የክሬዲቱን ብዛት፣ ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ በኦንላይን መሆኑንና እርስዎ ኢትዮጵያ ሆነው እንደሚማሩ ይጥቀሱ። ለኮሌጅዎ የሰው ሀብት ክፍል በሚጽፉት ደግሞ የሥራ መደቡን መጠሪያ ጠቅሰው ዲግሪው አግባብነት ያለው ተብሎ ይያዝ እንደሆነ ይጠይቁ፤ የአገር ውስጡን ዲግሪ ስምም በዚያው ደብዳቤ ያስገቡት። በቃል የተሰጠ መልስ ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። ሁለቱም መልሶች በቁጥርና በማኅተም እጅዎ ሳይገቡ አንድ ብርም አይክፈሉ።